ካሜራው ከማን ጎን ቆሟል? የአእምሮ ሕመምና ዘር በቀደምት የአሜሪካ ፊልሞች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬውን ዝግጅት አንድ የፊልም ትዕይንት በመተረክ እጀምራለሁ። ፊልሙን ያያችሁት ታስታውሱታላችሁ፤ ያላያችሁት በዓይነ ኅሊናችሁ ተከተሉኝ።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቦታው በፓስፊክ ውቅያኖስ ግንባር ያለ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል። ፒተር ሞስ የሚባል ወጣት ጥቁር ወታደር አልጋው ላይ ተቀምጧል። ጥይት አልነካውም፤ አጥንቱም አልተሰበረም፤ ግን እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል። ሐኪሙ መርምሮት በሰውነቱ ላይ ጉዳት እንደሌለ አረጋግጧል። በመርፌ መድኃኒት እየሰጠ፣ በሰመመን ውስጥ እያናገረ፣ በግዳጅ ላይ ሳለ የሆነውን ሁሉ ቀስ በቀስ አስታውሶታል። አሁን የመጨረሻው ሙከራ ላይ ደርሷል። ተነሥተህ ሂድ ይለዋል። ሞስ አልችልም ይላል። ይደግምለታል፤ ሞስ ያለቅሳል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጥቁር ሰው በአሜሪካ ምድር ሲሰደብበት የኖረውን ያንን የታወቀ አዋራጅ ቃል ይወረውርበታል። ሞስ በቁጣ ነድዶ ይነሣና ሐኪሙን ሊመታ ይራመዳል። እግሩ እንደታዘዘለት ያወቀው ከተራመደ በኋላ ነው።

ፊልሙ «ሆም ኦፍ ዘ ብሬቭ» ይባላል፤ «የጀግኖች አገር» ልንለው እንችላለን። የወጣው በ1949 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ። ዳይሬክተሩ ማርክ ሮብሰን፣ ፕሮዲዩሰሩ ስታንሊ ክሬመር፣ ሞስን ሆኖ የተጫወተው ደግሞ ጀምስ ኤድዋርድስ ነው።

ከዚህ ትዕይንት የተነሣሁት የአእምሮ ሕመምና የዘር ጉዳይ በአንድ አልጋ ላይ የተገናኙበት ስለሆነ ነው። ስድቡ ነው ያሳመመው፤ ያዳነውም ስድቡ ነው ይለናል ፊልሙ። ይህ እውነት ነው? ሐኪም እንዲህ ያደርጋል? ሞስ ከዚያ አልጋ ከተነሣ በኋላስ ያ ስድብ በየመንገዱ ሲጠብቀው ምን ይሆናል?

የቆዩ ፊልሞችን ስናይ የምጠቀምበት ጥያቄ አለኝ፤ ዛሬ ከእናንተም ጋር ልካፈለው። ካሜራው ከማን ጎን ቆሟል? ሕመምተኛው ራሱ ይናገራል ወይስ ሌላ ሰው ነው የሚናገርለት? ሕመሙ ከየት መጣ ብሎ ነው ፊልሙ የሚያምነው፤ ከሰውዬው ተፈጥሮ ወይስ ከደረሰበት ነገር? ይህን ጥያቄ ይዘን ጥቂት ፊልሞችን እንለፍ።

ጥያቄው የፊልም አፍቃሪዎች ብቻ አይደለም። አብዛኞቻችን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ገብተን አናውቅም። አማኑኤል ሆስፒታልን በስም እንጂ በአካል የማያውቅ ሰው፣ ጓደኛው ሲያናድደው «ይሄን ሰው አማኑኤል ውሰዱልኝ» ይላል። እንዲህ በሚል ሰው ልብ ውስጥ ያለው ሥዕል የተቆለፈ በር፣ ሌሊት ሙሉ የሚጮኽ ሰው፣ እጁ ወደ ኋላ የታሰረ በሽተኛ ነው። ከሰፈር ወሬ ያልመጣው ከፊልም የመጣ ነው። ልጇ የሌለ ድምፅ እየሰማ መሆኑን የነገራት እናትም ወደ ሐኪም ለመሄድ ስታስብ መጀመሪያ የሚደቀንባት ይኸው ሥዕል ነው፤ በሱ ምክንያት ስንት ወር እንደሚባክን በየቤቱ ያየ ያውቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ በ1946 ወዳለቀ ሌላ ፊልም። የአሜሪካ ጦር በጦርነቱ አእምሯቸው የተጎዳ ወታደሮች ወደ ሲቪል ሕይወት ሲመለሱ ቀጣሪዎች እንዳይፈሯቸው የሚያስረዳ ፊልም ፈለገ። ሥራውን የሰጠው በዚያን ጊዜ የጦሩ መኮንን ለነበረው ለታዋቂው ዳይሬክተር ለጆን ሂውስተን ነው። ሂውስተን ካሜራዎቹን ይዞ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደሚገኘው ሜሰን ጀነራል ሆስፒታል ገባ። የሠራው የ58 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም «ሌት ዜር ቢ ላይት»፣ «ብርሃን ይሁን» ይባላል። ሲጀምር የሚነግረን ነገር ዛሬም ያስደነግጣል፤ በጦርነቱ ከተጎዱት የአሜሪካ ወታደሮች ከመቶ 20 ያህሉ ጉዳታቸው የአእምሮና የነርቭ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ተዋናይ የለም። የምናያቸው እውነተኛ ሕመምተኞችና እውነተኛ ሐኪሞች ናቸው። አንድ ጥቁር ወታደር ከሐኪሙ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከፍቅረኛው ስለተላከለት ፎቶግራፍ መናገር ይጀምራል፤ እንደጀመረ ድምፁ ይቆረጣል። ዕንባው ይመጣል። መቆጣጠር እንዳልቻለ ተናግሮ ይቅርታ ይጠይቃል። ሐኪሙም ስሜትን ማውጣት ነውር እንደሌለው፣ እንዲያውም እንደሚረዳ በለሆሳስ ይነግረዋል። ካሜራው ፊቱን ጥሎ ወደ ሌላ አይዞርም፤ በሚያለቅስ ሰው ላይ የሚደረገውን የማፍጠጥ ነውርም አይሠራም። ሰውዬው እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሲኒማ ጥቁር ሰውን በአብዛኛው አሽከር፣ ሞግዚት ወይም አስቂኝ አድርጎ ነበር የሚያሳየው። ጥቁር ወንድ ናፍቆት ልቡን ሰብሮት ሲያለቅስ፣ ያም ለቅሶ በክብር ሲደመጥ ማየት ብርቅ ነበር።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካ ጦር በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ወታደሮቹን በተለያየ ክፍል ነበር የሚያሰልፈው። በፊልሙ ውስጥ ግን ጥቁሩና ነጩ በአንድ የቡድን ውይይት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ልጅነታቸውና ስለ ፍርሃታቸው ይናገራሉ። በጦሩ ውስጥ ያልነበረው አብሮነት በሕመም ክፍሉ ውስጥ ነበር።

ታዲያ ፊልሙ የት ደረሰ? ኒው ዮርክ በሚገኘው በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሊታይ ሲል የጦር ፖሊሶች መጥተው ቅጂውን ወሰዱት። ጦሩ የሰጠው ምክንያት የወታደሮቹን ገመና መጠበቅ የሚል ነው። ሂውስተን ግን ይህን አልተቀበለም፤ ጦሩ የፈራው የአይበገሬ ተዋጊ ምስሉ እንዳይነካ ነው ብሎ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ተከራከረ። ፊልሙ ለሕዝብ የተፈቀደው በ1980 መጨረሻ ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ።

በመካከሉ ጦሩ ሌላ ፊልም አሠራ። በ1948 የወጣው «ሼድስ ኦፍ ግሬይ» ይባላል። ርእሱ ያው የወታደሮች የአእምሮ ጉዳት ነው፤ አንዳንዱ ንግግር ሳይቀር ከሂውስተን ፊልም የተቀዳ ነው። የሚጫወቱት ግን ተዋናዮች ናቸው፤ ሁሉም ነጮች። በፍቅረኛው ፎቶግራፍ ያለቀሰው ጥቁር ወታደር በአዲሱ ፊልም ውስጥ ቦታ አላገኘም። ስለ አእምሮ ሕመም ግልጽ ውይይት ሲፈቀድ እንኳ የማን ሕመም ነው እንደ ሕመም የሚቆጠረው ለሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ሁለት ፊልሞች የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

«ብርሃን ይሁን» እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ማስታወሱ የጠፋበት ወታደር በሂፕኖሲስ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያስታውስ፣ አንደበቱ የተያዘበት በአንድ መርፌ አፉ ተፈትቶ በደስታ ሲጮኽ ይታያል። ሐኪሞቹ እንደ ባለ ተአምር ሆነው ይቀርባሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ መንገድ፣ ማገርሸቱ፣ ወደ ቤት ተመልሶ ሌሊት እየባነኑ መነሣቱ በፊልሙ የለም። አባቱ ወይም ወንድሙ ከጦር ሜዳ የተመለሰለት ኢትዮጵያዊ አድማጭ የትኛውን ክፍል እንደዘለሉ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ፒተር ሞስ እንመለስ። «የጀግኖች አገር» መጀመሪያ የመድረክ ተውኔት ነበር፤ አርተር ሎረንትስ የጻፈው፣ በ1945 ብሮድዌይ ላይ የታየ። በተውኔቱ ውስጥ የሚሰደበውና የሚታመመው ወታደር አይሁዳዊ ነው። ክሬመር ታሪኩን ወደ ፊልም ሲያመጣው ሆሊውድ ስለ ፀረ አይሁድ ጥላቻ በ1947 ብቻ ሁለት ታላላቅ ፊልሞችን አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ወታደሩን ጥቁር አደረገው፤ ቀረጻውንም ወሬው እንዳይወጣ በምስጢር አካሄደው። ጦሩ በዘር የተከፋፈለ ስለነበር አንድ ጥቁር ወታደር በነጮች ቡድን ውስጥ እንዴት እንደተገኘ ማስረዳት ግድ ሆነ፤ ሞስ በመሬት ቅየሳ የሠለጠነ ባለሙያ በመሆኑ ለአንድ አደገኛ ተልእኮ እንደተመደበ ተደርጎ ተጻፈ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ጦሩ በዘር መከፋፈሉን እንዲተው ያዘዙት በሐምሌ ወር 1948 ነው። ትእዛዙ በተግባር የታየው ደግሞ በኮርያ ጦርነት ነው።

ሞስ የታመመው በአንዲት ቅጽበት ነው። ፊንች የሚባል ነጭ ጓደኛ አለው፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው ቅርጫት ኳስ የተጫወቱ፣ የሚዋደዱ። ጠላት በተቃረበባትና የካርታው ቦርሳ በጠፋባት ጭንቅ ሰዓት ፊንች ይናደድና ያንን ስድብ ይጀምረዋል። መሐል ላይ ይነቃል፤ ቃሉን አጥፎ ወደ ሌላ ቃል ይለውጠዋል። ሞስ ግን ሰምቷል። ወዲያው ፊንች ይመታል፤ በኋላም ሞስ እቅፍ ውስጥ ይሞታል። እግሮቹ እምቢ ያሉት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው።

ይህን የመሰለ ሥነ ልቦናዊ እውነት የያዘ ትዕይንት በዚያ ዘመን ፊልም ውስጥ ብዙ የለም። ከጠላት የመጣ ስድብ ይገፋል፤ ከሚወዱት ሰው አፍ በግማሽ የወጣ ስድብ ግን ሰው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ጀምስ ኤድዋርድስ ይህን ያለ አንድ ቃል በፊቱ ብቻ ያሳያል።

እኔ የማልቀበለው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የሐኪሙን ማብራሪያ ነው። ሐኪሙ ለሞስ የሚነግረው እንዲህ ነው፤ ጓደኛህ ሲመታ ለአፍታ ደስ ያለህ ስለሰደበህ መስሎሃል፤ ግን ማንኛውም ወታደር አጠገቡ ያለው ሲመታ እኔ አይደለሁም ብሎ ደስ ይለዋል፤ አንተም እንደ ማንም ሰው ነህ፤ ችግርህ ስለ ዘርህ ያለህ ስሱነት ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ የሚያጽናናም ነው። በሕይወት መትረፍ የሚያመጣው ጸጸት በጦር ሐኪሞች ዘንድ በደንብ ይታወቃል። ሌላው ግማሽ ግን ከባድ ሸክምን ከተሳዳቢው አውርዶ በተሰዳቢው ላይ ይጭናል። በዚያው ቡድን ውስጥ ቲ.ጄ. የሚባል፣ ሞስን በየአጋጣሚው የሚዘልፍ ነጭ ወታደር አለ። እሱን ማንም አልጋ ላይ አስተኝቶ ምን ነካህ ብሎ አልጠየቀውም። መታከም ያለበት የቆሰለው ብቻ ሆነ።

ክሬመር ራሱ ይህ ሳይቆረቁረው አልቀረም እላለሁ፤ ምክንያቱም በ1962 ያወጣው «ፕሬዠር ፖይንት» ነገሩን ገልብጦታል። እዚህ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጥቁር ነው፤ ሲድኒ ፖይቲየር። ታማሚው ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የታሰረ የናዚ ደጋፊ ነጭ ነው፤ እሱን የተጫወተው ዘፋኙ ቦቢ ዳሪን ነው። አሁን የሚመረመረው ጥላቻው ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ በልጅነቱ ምን እንደደረሰበት፣ ፍርሃቱ እንዴት ወደ ጥላቻ እንደተለወጠ። ሐኪሙ ሰውዬው ገና አደገኛ ነው ብሎ ሲያስጠነቅቅ ነጮቹ አለቆቹ በሐኪሙ ፍርድ ፈንታ በእስረኛው ቃል አምነው ይፈቱታል። ፊልሙ እንደ «የጀግኖች አገር» ልብ አይነካም፤ ንግግር ይበዛበታል። ግን ጥያቄውን በትክክለኛው ሰው ላይ አንሥቷል።

ሁለት ነገር ደግሞ በአጭሩ ልጨምር። በ1946፣ ያው ሂውስተን ፊልሙን በጨረሰበት ዓመት፣ ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ላፋርግ የሚባል የአእምሮ ክሊኒክ ተከፈተ። ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርተም ነበር፤ ደራሲው ሪቻርድ ራይት ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። ክፍያው 25 ሳንቲም፣ ለሌለው በነጻ። ሌላ ቦታ በሩ የሚዘጋባቸው የሃርለም ጥቁሮች የሚሰማቸው ሐኪም እዚያ አገኙ። ከዚያው ከሃርለም ደግሞ በ1948 «ዘ ኳይት ዋን»፣ «ዝምተኛው» የሚባል ፊልም ወጣ። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ማየርስ ሲሆን፣ የሚተርከው ዶናልድ ስለሚባል፣ በቤቱ ፍቅር ስላጣና በዝምታ ውስጥ ስለተደበቀ ጥቁር ልጅ ነው። ልጁ ለችግረኛ ልጆች በተቋቋመው በዊልትዊክ ትምህርት ቤት ቀስ በቀስ ከሰው ጋር መግባባት ይማራል። እዚህ አንድ መርፌ ወይም አንድ ስድብ ማንንም አያስነሣም። ልጁ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ስለ ሕፃናት የአእምሮ ጤና ለሚያስተምር መምህር ዛሬም ቢሆን ይህን ፊልም እመክራለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አብዛኞቻችሁ ወደምታውቁት ፊልም እንሻገር፤ ወደ አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ»። የወጣው በ1960 ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተፈጸመውን ግድያ ያላየ እንኳ ሰምቶታል። ሆኖም ከመታጠቢያው በፊት ስላለችው ትዕይንት የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

ማሪዮን የምትባለው እንግዳ ከሆቴሉ ባለቤት ከኖርማን ቤትስ ጋር ገለባ ተጠቅጥቀው በደረቁ ወፎች በተሞላች ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። እሱ ሳንድዊችና ወተት አቅርቦላታል። የእናቱን ጩኸት ሰምታለችና በቅንነት፣ እናትህን አንድ ቦታ ብታስገባቸው አይሻልም ወይ ትለዋለች። ኖርማን ፊቱ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ገብተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል፤ ስለ ሳቁና ስለ ዕንባው፣ ሰውን ስለሚያጠኑት ጨካኝ ዓይኖች ይነግራታል። ሰዎች በአዘኔታ ምላሳቸውን እየመጠጡ ይህን ምክር እንዴት እንደሚለግሱም ይናገራል። በፊልሙ ውስጥ ስለ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ እውነት የሚናገረው ይህ ንግግር ብቻ ነው፤ የተነገረውም በገዳዩ አፍ ነው። ተመልካቹ ለአንድ ደቂቃ ያዝንለታል። ከዚያ ቢላው ይመጣል፤ ሐዘኔታውም ከውኃው ጋር ይፈስሳል።

በመጨረሻም አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም በፖሊስ ጣቢያ ቆሞ ስለ ኖርማን ረጅም ማብራሪያ ይሰጣል። ኖርማን በሌላ ክፍል ብርድ ልብስ ተደርቦ ተቀምጧል፤ የምንሰማው ድምፅ እንኳ የእሱ አይደለም፣ የእናቱ ነው። እንግዲህ ጥያቄያችንን እናንሣ። ሕመምተኛው ስለ ራሱ የተናገረው መቼ ነው? ገና ገዳይነቱን ሳናውቅ፣ በወፎቹ መካከል ሳለ። ካወቅን በኋላ ካሜራው ከውጭ ነው የሚያየው።

ሂችኮክ ታላቅ ባለሙያ ነው፤ ፊልሙም እንደ ፊልም ድንቅ ነው። ተከትሎት የመጣው ጎርፍ ግን ጉዳት አድርሷል። በ1978 የወጣውን «ሃሎዊን» ውሰዱ፤ ገዳዩ ከአእምሮ ሆስፒታል ያመለጠ ታካሚ ነው፤ ፊትም ንግግርም የለውም፤ ጭምብል ብቻ ነው። ሐኪሙ ራሱ ይህ ሰው ክፋት ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ «ከሆስፒታል አመለጠ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ተመልካችን ለማስፈራት የሚበቃ ሆነ። በእውነተኛው ዓለም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በማንም ላይ ጥቃት አያደርሱም፤ ጥቃት አድራሽ ከመሆን ይልቅ ጥቃት ሲደርስባቸው ነው የሚገኙት። ድንጋይ የሚወረወርበት፣ የሚደበደበው፣ የምትደፈረው፣ ንብረቱ የሚወሰድበት ሕመምተኛው ነው። ይህን እውነት ዋና ታሪኩ ያደረገ አስፈሪ ፊልም አላየሁም።

በ1963 ደግሞ ሳሙኤል ፉለር «ሾክ ኮሪደር»ን አወጣ። ካሜራውን የያዘው ስታንሊ ኮርቴዝ ነው፤ በሂውስተን ዘጋቢ ፊልም ላይም የቀረጸው እሱ ነበር። እውነተኞቹን ወታደሮች በትዕግሥት የጠበቀው ዓይን አሁን በጥቁርና ነጭ ጥላ የተሞላ ረጅም ኮሪደር እያሳየን ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሽልማት የናፈቀው አንድ ጋዜጠኛ በሆስፒታሉ ውስጥ የተፈጸመ ግድያን ለማጣራት ሲል ታመምኩ ብሎ ይገባል። ሦስት የዓይን ምስክሮች አሉ፤ ሦስቱም ታካሚዎች።

አንዱ ትሬንት ይባላል፤ ተዋናዩ ሃሪ ሮድስ ነው። ትሬንት በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች በአንድ የነጮች ዩኒቨርሲቲ እንዲማሩ ከተፈቀደላቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ ነበር። ጥላቻው፣ ምራቁ፣ የብዙኃኑ ጩኸት አእምሮውን ሰበረው። አሁን ራሱን ጥቁሮችን የሚጠላው የነጮች ቡድን የኩ ክሉክስ ክላን አባል አድርጎ ያስባል። ከትራስ ጨርቅ ነጭ ቆብ ይሠራል፤ በራሱ ዘር ላይ የጥላቻ ንግግር ያደርጋል፤ ሌላ ጥቁር ታካሚ ሲያይ ሌሎቹን አስተባብሮ በኮሪደሩ ያሳድደዋል። ከዚያ ድንገት ጭጋጉ ይገፈፍለታል። ዝቅ ባለ ድምፅ በዩኒቨርሲቲው ምን እንደደረሰበት ይናገራል፤ ለጥቂት ደቂቃ ሙሉ ሰው ሆኖ እናየዋለን። ጋዜጠኛው ግን የሚፈልገው የገዳዩን ስም ብቻ ነው። ትሬንትም ተመልሶ ይጠፋል።

ይህ ፊልም የወጣበትን ጊዜ አስቡ። ጀምስ ሜሬዲዝ የሚባል ጥቁር ወጣት ወደ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ በፌዴራል መንግሥት ማርሻሎች የታጀበው በ1962 መኸር ነው። ፊልሙ በታየበት በመስከረም ወር 1963 በርሚንግሃም ከተማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በፈነዳ ቦምብ አራት ጥቁር ልጃገረዶች ተገደሉ። «የጀግኖች አገር» ዘረኝነት ያቆሰለውን ሰው ስሱ ነህ ብሎት ነበር። ፉለር ግን ጣቱን ወደ ኮሪደሩ ውጪ ቀሰረ፤ በሽታው የአገሪቱ ነው አለ። ተሰዳቢው የሰዳቢውን ቆብ ለብሶ ሲያሳድድ ከማየት የበለጠ ስለ ዘረኝነት ቁስል የሚናገር ምስል በዚያ ዘመን ሲኒማ አላገኘሁም።

ግን የዚህ ፊልም ጉዳትም ቀላል አይደለም። ጋዜጠኛው ከሕሙማን ጋር በመኖሩ እየታመመ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የማይናገርና የማይንቀሳቀስ ሐውልት ይሆናል። ተመልካቹ የአእምሮ ሕመም በመቀራረብ ይተላለፋል ብሎ ቢወጣ ፊልሙ ነው ያሳሳተው። ጤነኛ ዘመዶች ሕመምተኛን በአንድ ማዕድ ለማቅረብ የሚያፍሩበት አገር ላለን ሰዎች ይህ ስሕተት ዋጋ አለው።

(አጭር ሙዚቃ)

የመጨረሻው ፊልም በ1975 የወጣው «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» ነው፤ የሚሎሽ ፎርማን ሥራ። አምስቱን ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች ጠቅልሎ ወስዷል። የተቀረጸው በኦሪገን ግዛት፣ ሴለም ከተማ በሚገኝ እውነተኛ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ዲን ብሩክስ በፊልሙ ውስጥ ሐኪም ሆነው ተጫውተዋል፤ እውነተኛ ታካሚዎችም በቀረጻው ተሳትፈዋል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ሕሙማኑ ሲስቁ፣ ሲኮርፉ፣ ካርታ ሲጫወቱ፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ሲወጡ እናያለን፤ የሚፈሩ ፍጥረታት አልሆኑም።

ነገር ግን ከመጽሐፉ ወደ ፊልሙ ሲሻገር አንድ ሰው ድምፁን አጥቷል። ኬን ኪሲ በ1962 ባሳተመው ልብ ወለድ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርከው ብሮምደን ነው፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ፣ ደንቆሮና ዲዳ መስሎ ለዓመታት የኖረ ግዙፍ ሰው። አባቱ የጎሳ አለቃ ነበር። ሕዝባቸው በኮሎምቢያ ወንዝ ፏፏቴ ላይ ዓሣ እያጠመደ ይኖር ነበር፤ መንግሥት ግድብ ሊሠራ መሬቱን ወሰደው። አባቱ በመጠጥ አለቀ። ብሮምደን በየግድግዳው ውስጥ የሚያጓራ ማሽን ይሰማዋል፤ ጭጋግ ይለቁብኛል ይላል። አንባቢው ይህን ሲያነብ ቅዠቱ ትርጉም ይሰጠዋል። ልብ ወለዱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በዚያው ወንዝ ላይ የነበረው ጥንታዊው የሴሊሎ ፏፏቴ በ1957 በዳልስ ግድብ ውኃ ተውጧል።

በፊልሙ ውስጥ ካሜራው ከብሮምደን ትከሻ ተነሥቶ ወደ ነጩ ዓመፀኛ ታካሚ ወደ ማክመርፊ፣ ማለትም ወደ ተዋናዩ ጃክ ኒኮልሰን ዞሯል። ብሮምደን የሆነው ዊል ሳምፕሰን ነው፤ ራሱ የክሪክ ሕዝብ ተወላጅ፣ ሠዓሊ፣ የሮዴዮ ፈረሰኛ። በቁመናውና በዝምታው ብቻ ፊልሙን ተሸክሞታል፤ የቀረው ግን ዝምታው ነው። ስለ አባቱ ጥቂት ቃል ይናገራል፤ ስለ ወንዙና ስለ ግድቡ ምንም አንሰማም። ስለዚህ ከመጽሐፉ ባናውቀው ኖሮ ይህ ሰው ለምን ታመመ ብለን አንጠይቅም ነበር። ኪሲ በፊልሙ አዝኖ ከአዘጋጆቹ ጋር ተካስሷል፤ ቅር ካሰኙት ነገሮች አንዱ ይኸው የብሮምደን ተራኪነት መቅረቱ ነው። እኔም ከኪሲ ጋር ነኝ። ነጩ ዓመፀኛ ቢኖርም ባይኖርም ይህ ታሪክ የብሮምደን ነበር።

ፊልሙን ለምታዩ አንድ የጤና ማስታወሻ አለኝ። ማክመርፊ በኤሌክትሪክ ንዝረት ሲታከም ነቅቶ፣ ሰውነቱ እየተንፈራገጠ፣ ሰዎች ጨብጠው ይዘውት ይታያል። ይህ ትዕይንት ብዙ ሰው ከሕክምናው እንዲሸሽ አድርጓል። ዛሬ ይህ ሕክምና በሥርዓቱ ሲሰጥ ታካሚው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ተሰጥቶት ነው፤ ከባድ ድባቴ ለያዛቸውና መድኃኒት ላልረዳቸው ሰዎች ሕይወት የሚያተርፍበት ጊዜ አለ። ለጊዜው ማስታወስን ሊያዛባ ስለሚችል ጥቅሙንና ጉዳቱን ሐኪሙ ሊያስረዳችሁ ይገባል። በቤታችሁ ይህ ሕክምና የታዘዘለት ሰው ካለ ፊልሙን ሳይሆን ሐኪሙን ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁንም ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

«ብርሃን ይሁን» የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ስለሆነ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው የሚያስቸግራችሁ ብትሆኑም የቡድን ውይይቱንና የቃለ ምልልሶቹን ክፍል ተመልከቱ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ ግን አብራችሁ ከማየታችሁ በፊት ምን እንደያዘ ንገሩት፤ ማየት አለማየቱን እሱ ይወስን።

በሚቀጥለው ሳምንት ፍሬድሪክ ዋይዝማን በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ብሪጅዋተር ውስጥ ወንጀል ፈጽመዋል የተባሉ የአእምሮ ሕሙማን በሚያዙበት ተቋም ቀርጾ በ1967 ያወጣውንና ፍርድ ቤት እስከ 1991 ድረስ ለሕዝብ እንዳይታይ ያገደውን «ቲቲከት ፎሊስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ይዤ እመጣለሁ። የሕመምተኛን ገመና መጠበቅና የሚደርስበትን በደል ማጋለጥ ሲጋጩ ማን ይቅደም የሚለውን አብረን እንከራከርበታለን፤ አስተያየታችሁን ከወዲሁ ላኩልን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)